የትኛው ዮሐንስ? አንድ ስም የሚጋሩ ሳይንቲስቶችንና ደራሲያንን ለይቶ ስለማወቅ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1962 በስቶክሆልም በተካሄደው የኖቤል ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ሁለት ጆኖች ተሸልመዋል። አንደኛው ማዮግሎቢን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ቅርጽ በኤክስሬይ አማካይነት በመለየቱ የኬሚስትሪውን ሽልማት ከባልደረባው ከማክስ ፔሩትዝ ጋር የተጋራው እንግሊዛዊው ጆን ኬንድሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሥነ ጽሑፉን ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ ነው። በአንድ መድረክ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎችን የሚያምታታ የለም፤ ችግሩ የሚጀምረው ሰዎቹ ከመድረክ ወርደው መዝገብ ውስጥ ሲገቡ ነው።

ይህን ማብራሪያ የምጽፈው በአዲስ አበባ ዳር፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል በምትገኝ አነስተኛ ማንበቢያ ቤት የመጻሕፍቱን መዝገብ እንደሚይዝ ሰው ሆኜ ነው። ተማሪዎች መጽሐፍ ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የደራሲውን የመጀመሪያ ስም ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህም ነውር አይደለም፣ በእኛ አገር የሰው ስም ማለት ያ ነውና። ይሁን እንጂ «የዮሐንስ» የተባለው መጽሐፍ የገጣሚው ነው፣ የከዋክብት ተመራማሪው ነው ወይስ የጥንቱ ጳጳስ? ከዚህ በታች ዮሐንስን እንደ አብነት ይዤ፣ ልዩ ልዩ ሕዝቦችና ተቋማት ስመ ሞክሼዎችን የሚለዩባቸው መንገዶች እንዴት እንደሚሠሩና የት ላይ እንደሚሰናከሉ ለማሳየት እሞክራለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስን የመረጥኩት ስለ ብዛቱ ነው። በእኛ ዘንድ የዘመን መለወጫ በዓል ራሱ ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል፤ ከአራቱ የወንጌላውያን ዘመናትም አንዱ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ዓመተ ዓለሙ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል የሚውለው እሱ ነው። በውጭው ዓለም ደግሞ ይኸው ስም በእንግሊዝኛ ጆን፣ በጀርመንኛ ዮሐን ወይም ዮሐንስ፣ በፈረንሳይኛ ዣን፣ በጣሊያንኛ ጆቫኒ፣ በሩስኛ ኢቫን፣ በሀንጋሪኛ ያኖሽ እየተባለ ይጠራል። ስለዚህ የውሻን ምራቅ በማጥናት የታወቀው የአካል አሠራር (ፊዚዮሎጂ) ተመራማሪ ኢቫን ፓቭሎቭና በ1933 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ ኢቫን ቡኒን፣ የአቶምን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበው ጆን ዶልተንና ዐይነ ስውር ሆኖ ታላቁን ግጥሙን ያጠናቀቀው ጆን ሚልተን፣ ሁሉም የዚህ ስም ተካፋዮች ናቸው።

በሰፈር ደረጃ ስመ ሞክሼን መለየት ከባድ አይደለም። እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ አዲስ ሰፈር ነዋሪው ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የመጣ በመሆኑ የአባት ስም ለጎረቤት ብዙም አይናገርም፤ ስለዚህ ሰዉ «ዮሐንስ ባለሱቁ»፣ «ሹፌሩ ዮሐንስ»፣ «አራተኛ ፎቅ ያለው ዮኒ» እያለ በሥራ፣ በቤት ወይም በቁልምጫ ይለያል። እድሩ ግን ይህን አይቀበልም። በእድር መዝገብ ላይ ስም ከነአባት፣ ብዙ ጊዜም ከነአያት ይጻፋል፤ ምክንያቱም መዝገቡ የሚያገለግለው ሰውየው ሱቁን ከዘጋም ሆነ ቤት ከቀየረ በኋላ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ለመጥራት የሚበቃ መለያ ሰውየው በሌለበት ለመፈለግ ላይበቃ ይችላል ማለት ነው። የመጻሕፍት መዝገብ ደግሞ ሁልጊዜም የሚሠራው በሌሉ ሰዎች ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ችግር የፈታችው በቅጽል ነው። ዮሐንስ መጥምቅ በሥራው፣ ዮሐንስ ወንጌላዊ በጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ407 ያረፈው የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንደበቱ ይለያሉ። በሀገረ ስብከቱ ከሚለዩት መካከል ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ዮሐንስ ዘኒቅዮስ ይመስለኛል፤ ሆኖም ስሙን የሚያውቁ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። ይህ ሰው በ7ኛው መቶ ዘመን በግብፅ፣ በናይል ዴልታ በነበረችው በኒቅዮስ ከተማ ጳጳስ የነበረ ሲሆን፣ ከአዳም ጀምሮ ዐረቦች ግብፅን እስከያዙበት ጊዜ ድረስ ያለውን ታሪክ ጽፏል። ጽሑፉ መጀመሪያ የተጻፈበት ቅጂ ጠፍቷል፤ ወደ ዐረብኛ የተመለሰውም አልተገኘም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1602 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ብቻ ነው። በ415 በእስክንድርያ ስለተገደለችው የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ ስለ ሂፓቲያ፣ እንዲሁም ስለ ግብፅ መያዝ የሚጽፉ የታሪክ ምሁራን ወደዚህ የግእዝ መጽሐፍ መምጣታቸው ግድ ነው፤ ኤርማን ዞታንበርግ የግእዙን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በ1883 ካሳተመው ወዲህም ብዙ ተጠቅመውበታል።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ስሞች የደረሰባቸው ነገር ነው። የግሪክና የሮም ሰዎች ስም አጫጭር አናባቢዎችን በማይጽፈው በዐረብኛ ፊደል አልፎ ወደ ግእዝ ሲመጣ፣ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው እንኳ ቢሰሟቸው እስከማይለዩአቸው ድረስ ተለውጠዋል። የሁለት ሰዎች በአንድ ስም መጠራት አንድ ችግር ነው፤ የአንድ ሰው በብዙ ስም መጻፍ ደግሞ የዚያው ችግር ሌላ ገጽ ነው። የመዝገብ ያዥ ሥራ ሁለቱንም መጠበቅ በመሆኑ ከዚህ በኋላ ሁለቱን አብሬ አነሣለሁ።

አውሮፓውያን የተጠቀሙበት መፍትሔ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። ኬፕለር ካልነው በኋላ ዮሐንስ የሚለው ተጨማሪ ብቻ ይሆናል። ይህ አሠራር በብዛት ይሠራል፤ የማይሠራበትን ለማየት ግን ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ባዝል ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። የበርኑሊ ቤተሰብ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ተከታታይ የሒሳብ ሊቃውንትን አፍርቷል፤ ልጆቹንም በአባቶቻቸውና በአጎቶቻቸው ስም የመሰየም ልማድ ነበረው። በዚህ ምክንያት ከ1667 እስከ 1748 የኖረው ዮሐን በርኑሊ፣ ልጁ ዮሐን በርኑሊ (1710–1790) እና የልጅ ልጁ ዮሐን በርኑሊ (1744–1807) ሦስቱም በሒሳብ ወይም በሥነ ፈለክ ስመ ጥር ናቸው፤ በተጨማሪም ሁለት ያዕቆቦች አሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ያገኙት መውጫ እኛ አፄ ዮሐንስ 4ኛን ከቀደሙት ነገሥታት የምንለይበት ነው፤ ዮሐን አንደኛ፣ ዮሐን ሁለተኛ፣ ዮሐን ሦስተኛ ብለው እንደ ንጉሥ ቆጠሯቸው።

ቁጥሩም ቢሆን የኋለኛው ዘመን ሰው የሰጠው እንጂ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ያለ አይደለም። አንባቢ የመጀመሪያውን እትም ሲያገኝ የሚያየው ስሙን ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው ዮሐን እንደሆነ የሚያውቀው ከታተመበት ዓመት ነው። ዓመቱ ራሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይታመንም። ዮሐን አንደኛ ከልጁ ከዳንኤል ጋር ክፉኛ የተቃቃረ አባት ነበር፤ በ1734 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማቱን ለሁለቱ ባካፈለ ጊዜ ከልጁ እኩል መቆጠሩን እንደ ውርደት አይቶታል። ዳንኤል ስለ ፈሳሾች እንቅስቃሴ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በ1738 ካሳተመ በኋላም አባትየው በዚያው ርእሰ ጉዳይ የራሱን ሥራ አውጥቶ፣ ቀዳሚ ለመምሰል በላዩ ላይ 1732 የሚል ዓመት አስቀመጠ። ዓመትን እንደ መለያ የሚይዝ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም።

የቤተሰብ ስም ሌላው ድክመት ሰውየው አገር ሲቀይር ይታያል። በኮምፒውተር አሠራር መሠረት ላይ ስሙ የሚጠቀሰው ሊቅ በ1903 በቡዳፔስት ሲወለድ ያኖሽ ነበር፤ በጀርመን አገር ሳለ በጀርመንኛ ያሳተማቸው ጽሑፎች ዮሐን ይሉታል፤ አሜሪካ ከገባ በኋላ በ1957 እስኪሞት ድረስ ጆን ፎን ኖይማን ሆነ። የሳተርንን ቀለበት የሚከፍለውን ጥቁር ክፍተት በ1675 ያየው ጣሊያናዊም እንዲሁ ጆቫኒ ዶሜኒኮ ካሲኒ ሆኖ ተወልዶ፣ ፓሪስ ከገባና ፈረንሳዊ ከሆነ በኋላ ዣን ዶሚኒክ ካሲኒ ተብሏል። ሁለቱም በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ቢፈለጉ ግማሹ ሥራቸው ሊያመልጥ ይችላል።

«ሳይንቲስቱ ዮሐንስ» እና «ደራሲው ዮሐንስ» ብሎ በሙያ መለየት ከሁሉ ይልቅ ቀላል መስሎ ይታያል። ተማሪዎችም የሚሞክሩት ይህንኑ ነው። ግን ዮሐንስ ኬፕለር ራሱ በየትኛው መደርደሪያ ይቀመጣል? በ1571 የተወለደው ይህ ጀርመናዊ በ1609 ባሳተመው መጽሐፉ ፈለኮች ፀሐይን የሚዞሩት በክብ ሳይሆን በሞላላ መንገድ መሆኑን አሳይቷል፤ በ2019 ወደ ሕዋ የተላከችውና በእንጦጦ ካለው ጣቢያ ክትትል ሲደረግላት የነበረችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መሬትን የዞረችውም በዚሁ የኬፕለር ሕግ ነው። ያም ሆኖ ኬፕለር ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ የሚተርክ ልብ ወለድም ጽፏል። ታሪኩ ሕልም ሆኖ የቀረበ ሲሆን፣ ባለታሪኩ ዕፀዋት እየለቀመች የምትሸጥ እናት ያለችው አይስላንዳዊ ወጣት ነው፤ እናትየዋ በምትጠራው መንፈስ አማካይነት ሰው ወደ ጨረቃ እንዴት እንደሚደርስና ከዚያ ሆኖ ሲታይ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ይተረክበታል።

ይህ ልብ ወለድ ለኬፕለር መዘዝ አምጥቶበታል። ረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በነበረበት ዘመን እናቱ ካታሪና በጥንቆላ ተከሰሰች፤ በ1620 ታስራም ከዓመት በላይ በእስር ከቆየች በኋላ በልጇ ጥረት በ1621 ተለቀቀች። ኬፕለር በኋላ ላይ በመጽሐፉ ላይ በጨመራቸው ማስታወሻዎች፣ የረቂቁ ወሬ በእናቱ ላይ ለተነሣው ሐሜት አስተዋጽኦ ማድረጉን እንደሚያምን ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1634 በልጁ በሉድቪግ አማካይነት ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ከልብ ወለድ መደርደሪያ ማስቀረት፣ የደረሰበትን ግማሽ ነገር ከመዝገብ መፋቅ ይሆናል።

የጎተም ነገር ከዚህ አይለይም። ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎተ በአብዛኛው አንባቢ ዘንድ የጀርመን ታላቅ ገጣሚና ፀሐፌ ተውኔት ነው፤ ነገር ግን በ1784 በሰው ልጅ የላይኛው መንጋጋ ውስጥ፣ ከፊት ጥርሶች በላይ ያለውን የመካከለኛ አጥንት ምልክት ለይቶ ጽፏል፤ በ1790 ስለ ዕፀዋት አካላት አለዋወጥ፣ በ1810 ደግሞ ስለ ቀለማት መጽሐፍ አሳትሟል። በቀለም ጥናቱ ኒውተንን ለመሞገት ያደረገው ጥረት በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ የመንጋጋውና የዕፀዋቱ ሥራ ግን የአካል ቅርጽን ለሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም የሚጠቀስ ነው። በመዝገብ አሠራር ሙያ ለማብራሪያ ይጠቅማል እንጂ ለመለያ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በኢትዮጵያ አጠራር የሰው ስም የራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም የማን ልጅ መሆኑን ይናገራል እንጂ የእሱ ስም አይደለም። ፕሮፌሰር ዮሐንስ ኃይለሥላሴን ብንወስድ፣ «ፕሮፌሰር ዮሐንስ» ብንላቸው ትክክል ሲሆን «ፕሮፌሰር ኃይለሥላሴ» ብንል የምንጠራው አባታቸውን ነው። እኚህ ምሁር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንተው፣ ከዚያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩ የቅድመ ሰው ዘር ተመራማሪ ናቸው። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት «አርዲ» የምትባለው ቅሪተ አካል በ1994 በአፋር፣ በአራሚስ መገኘት የጀመረችው እሳቸው በለዩት የእጅ አጥንት ስባሪ ነው። በ2001 ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን «ካዳባ» የተባለ የቅድመ ሰው ዘር ለዓለም አስተዋወቁ። ቀጥሎም በወራንሶ ሚሌ በመሩት ጥናት የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ፊቱ ሳይቀር የተጠበቀ የራስ ቅል ተገኝቶ በ2019 ይፋ ሆኗል።

በሌላው ወገን ገጣሚውና የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ዮሐንስ አድማሱ አሉ። በግጥሞቻቸውና በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሕይወትና ሥራ ላይ ባደረጉት ጥናት ይታወቃሉ። ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ዮሐንስ አድማሱ በአማርኛ ሲጻፉ ከቶ አይምታቱም፤ የአባት ስማቸው ይለያቸዋል። የውጭ መጽሔቶች ግን ሁለተኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው ያስቀድሙታል፤ የራስን ስም ደግሞ ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። ሰውየው «ኃይለሥላሴ፣ ዮ.» ይሆናል፤ ገጣሚውም «አድማሱ፣ ዮ.» ይባላል። የገጣሚው ወንድም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩት ዶክተር ዮናስ አድማሱ መሆናቸውን ስናስታውስ የችግሩ መጠን ይታያል፤ በዚህ አጻጻፍ እሳቸውም «አድማሱ፣ ዮ.» ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ሙያ ላይ ስለሆኑ፣ አሕጽሮቱ ብቻ የቀረለት አንባቢ አንድ ሰው ቢመስሉት አይፈረድበትም።

ተቃራኒውም አለ። የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች ዘርዝረው በመመዝገብ ብዙ ዓመት የደከሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተርን ሽልማት ያገኙ ምሁርና ደራሲ ነበሩ። በነዳጅ ሴል ምርምር ስማቸው የታወቀው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ ልጃቸው ናቸው። ቤተሰቡ አሜሪካ በመኖሩ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ይህን የማያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ በራሱ ልማድ ሲያነብ፣ ጌታቸውና ሶስና ሁለቱም የኃይሌ ልጆች፣ ማለትም እኅትና ወንድም መስለው ይታዩታል። የውጭው አንባቢ የእኛን ስም በእሱ ሥርዓት፣ እኛም ውጭ ያሉትን በእኛ ሥርዓት ስናነብ ዝምድናው ከሁለቱም በኩል ይዛባል።

ጥምር ስሞች ሌላ መሰናክል ናቸው። እንዶድ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ጥናቱ የተጀመረው በ1964 ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። «ወልደዮሐንስ» አንድ ስም ሆኖ ሳለ በባዕድ ፊደል ለሁለት ተከፍሎ ከተጻፈ ግን፣ የመጨረሻውን ቃል የሚወስደው ሥርዓት ለገሠን ከዮሐንሶች ጋር ያሰልፋቸዋል። ፕሮፌሰር ዮሐንስም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በአባታቸው ስም መካከል ሰረዝ የሚያስገቡት በዚህ ረገድ በጣም ጠቃሚ ልማድ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የግል ስሞች፣ እንዲሁም የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕዝቡ ግን የቤተሰብ ስሙን አልተቀበለውም። የወረዳ መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ስም መጥሪያና የባንክ ደብተር ዛሬም የሚጻፉት በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም ነው። በእኔ አስተያየት ሕዝቡ ልክ ነበር፤ ለምዝገባ ሲባል የሰውን ስም አወቃቀር ከመለወጥ መዝገቡን ለስሙ እንዲመች ማድረግ ይቀላል፤ ሊደረግም እንደሚችል በጀርመን አገር የተዘጋጀው፣ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ አሳይቷል። እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የተደረደሩት በራሳቸው ስም ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ሀዲስ ዓለማየሁን የሚያስቀምጠው በሀዲስ ሥር እንጂ በዓለማየሁ ሥር አይደለም።

ከውጭ አሠራር ያልመጣ፣ የራሳችን የሆነ ጣጣም አለ፤ እሱም የፊደል ነው። በዮሐንስ ውስጥ ያለው «ሃ» በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ መጨረሻው ደግሞ በስ ወይም በሥ። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ይሰጣል። ኃይለሥላሴ በበኩሉ በመጀመሪያው ፊደል 6፣ በሥ 2፣ በሴ 2 ምርጫ አለው፤ ተያይዞ ወይም ተነጣጥሎ መጻፉ ሲጨመር 48 ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ «ዮሐንስ ኃይለሥላሴ» የሚለው ስም፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ በ576 መንገድ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ኮምፒውተር ግን ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልታዘዘ በቀር እያንዳንዱን እንደ ሌላ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ በአማርኛ ፍለጋ ውጤት ያጣ ሰው መጽሐፉ የለም ብሎ ከመደምደሙ በፊት ሐን በሀ፣ ሥን በስ ለውጦ ቢሞክር ያገኘው ይሆናል።

የልደት ዓመትን መጨመርም ቢሆን በእኛ ዘንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የተወለደበት ወር ያልታወቀን ደራሲ አንዱ መዝገብ በ7፣ ሌላው በ8 ሲያሰላለት፣ ወይም አንዱ ጭራሹን ሳይቀይር ሲያስቀምጥለት፣ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ዓለም አሁን ወደ ቁጥር ዞሯል። ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ኦርኪድ የሚባለው መለያ በ2012 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ 16 ምልክቶች ያሉት ቁጥር ነው። የመጨረሻው ምልክት ከቀደሙት 15 አኃዞች ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ቢጻፍ ሥርዓቱ ወዲያው ይለየዋል። ተመራማሪው ቁጥሩን ራሱ በነፃ ያወጣል፤ ስሙ በየመጽሔቱ ቢዘባረቅም ሥራዎቹ በቁጥሩ ሥር ይሰበሰባሉ። ኦርኪድ ግን በሕይወት ላሉና ራሳቸው ለሚመዘገቡ ነው። ለኬፕለርም ሆነ ለዮሐንስ ዘኒቅዮስ የሚያገለግሉት ቤተ መጻሕፍት የሚሰጧቸው ሌሎች መለያዎች ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ የየአገሩን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መዝገቦች አገናኝቶ፣ ጆቫኒ ካሲኒና ዣን ካሲኒ አንድ ሰው መሆናቸውን በአንድ ቁጥር ሥር ያሳያል። ቁጥር ግን ማን ማን እንደሆነ በራሱ አያውቅም፤ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኘው ጽሑፎቹን አንብቦ ያመሳከረ ሰው ነው።

በማንበቢያ ቤታችን የምንከተለው አሠራር ከዚህ የተወሰደ ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም፣ ከነአባቱ፣ በሽፋኑ ላይ ባለው ፊደል ይመዘገባል፤ የውጭ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ይገባል። ተማሪው በሚያውቀው በኩል መጥቶ እንዲያገኘው ደግሞ በሌላው ስም ሥር «ይህን ተመልከት» የሚል አመልካች ይቀመጥለታል። ኬፕለር በኬ ሥር ነው፤ በዮ ሥር ግን ወደ ኬ የሚመራ መስመር አለው። ኬፕለርም ጎተም በሳይንስና በሥነ ጽሑፍ ሁለቱም ክፍል ተጠቅሰዋል።

በቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብቅ የሚሉ ተመራቂዎች የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ወደ ውጭ መጽሔት ሲልኩ ስማቸውን እንዴት ይጻፉ ብለው ይጠይቃሉ። የምመልስላቸው እንዲህ ነው፤ በላቲን ፊደል አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ በፓስፖርታችሁ፣ በመመረቂያ ጽሑፋችሁና በመጽሔቱ ላይ ያንኑ ያዙ፤ የራሳችሁን ስም ወደ አንድ ፊደል አታሳጥሩ፤ የአባታችሁ ስም ጥምር ከሆነ በሰረዝ አያይዙት ወይም ሳትነጥሉ ጻፉት፤ ኦርኪድ ቁጥራችሁን ደግሞ ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት አውጡ፤ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ስም ማስለወጥ ረጅም ደብዳቤ መጻጻፍ ይጠይቃል።